ልጁ ከተቀመጠ በኋላ የሚከፈት የወሊድ ሽፋን

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ከአንድ ድርጅት ወደ ሌላ ለመዛወር ክሊራንሷን ጨርሳ፣ የሥራ ልምዷን ይዛ፣ የቅጥር ደብዳቤ ላይ ፈረመች እንበል። የሦስት ወር እርጉዝ ናት። ደመወዙ ከበፊቱ ይሻላል፣ ደብዳቤውም «ሙሉ የሕክምና ሽፋን» ይላል። ሽፋኑ የሚጀምረው ግን የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ ነው። ያ እስከ 60 የሥራ ቀን ይሄዳል፤ በሳምንት አምስት ቀን ለሚሠራ ሰው ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከዚያ የመድን ውሉ ሲገለጥ ለወሊድ ለብቻው የ10 ወር የጥበቃ ጊዜ ተቀምጧል። እንግዲህ ሒሳቡን መሥራት ነው። በስድስተኛ ወሯ ካርዱን ትቀበላለች፣ በዘጠነኛው ትወልዳለች፣ ልጁ ሰባት ወር ሞልቶት ተደላድሎ ሲቀመጥ የመወለጃው ሽፋን ይከፈታል።

የወሩ ቁጥር ከውል ውል ይለያያል። ወሊድን ጭራሽ ከሽፋን ያወጣም አለ። ነገሩ ግን አንድ ነው። «የጥበቃ ጊዜ» የሚባለው የሚጠበቀው ነገር መቆየት ሲችል ነው። መነጽር ይቆያል፣ የጥርስ ሥራም ብዙ ጊዜ ይቆያል። ምጥ አይቆይም። በእርግዝና ላይ የዘጠኝና የአሥር ወር ጥበቃ መጫን በቀጥተኛ አማርኛ «አንቺን አይመለከትሽም» ማለት ነው። እንደዚያ ብሎ ለመጻፍ ድፍረት ስለሚጠይቅ «ጥበቃ» የሚል ልብስ አለበሱት።

መድን ሰጪዎች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። ቤቱ እሳት ከተነሳ በኋላ የእሳት መድን ልግዛ የሚልን ሰው ማንም አይቀበልም፤ ያረገዘች ሴትም ለመውለድ ብላ መድን ገዝታ ከወለደች በኋላ ብታቋርጥ የሌሎቹ አረቦን ይንራል ይላሉ። በግል መድን ለሚገዛ ሰው ይህ ያስኬዳል። የቡድን መድን ግን ሌላ ነው። እዚያ ማንም «ልግዛ አልግዛ» ብሎ አይመርጥም። ድርጅቱ ሠራተኛውን በሙሉ፣ ጤነኛውንም ታማሚውንም፣ ወንዱንም ሴቷንም በአንድ መዝገብ ያስገባል። ለመድን ሲባል ማንም ሥራ አይለቅም፣ ክሊራንስም አይጨርስም። ደግሞስ ያው ውል ሁለት ዓመት የሠራው ባልደረባዋ ሚስት ስትወልድ በቤተሰብ ሽፋን ይከፍላል። በእሷ ላይ ሲደርስ ነው «አደጋው» የሚታወሰው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ገንዘቡ አይደለም። ዝምታው ነው። አዲስ የተቀጠረች እርጉዝ ሴት ምን ታደርጋለች? ትደብቃለች። ሰፊ ልብስ ትለብሳለች፣ ማቅለሽለሹን በጨጓራ ታሳብባለች፣ የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ የሆዷን መግፋት በሻሽና በጋቢ ትሸፍናለች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር አንዲት እርጉዝ ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲሆን ይላል። የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የስኳር ምልክት የሚያዘው በዚህ ክትትል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ማቅረብ ያስፈልጋል። ማስረጃው ደግሞ ምስጢሩን ያወጣዋል። መብቷን ለመጠቀም የደበቀችውን መናገር አለባት፤ ብትናገር ደግሞ በሙከራ ጊዜ «ለሥራው ብቁ ሆነሽ አልተገኘሽም» የምትል፣ ማስጠንቀቂያም ካሳም የማትጠይቅ አንዲት ደብዳቤ ትጠብቃታለች።

ሕጉ እርጉዝን ሴት በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ማሰናበትን ይከለክላል፤ የተቀመጡት ልዩ ሁኔታዎችም ከእርግዝናው ጋር የማይገናኙ መሆን አለባቸው። ክርክሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ልትረታ ትችላለች። በስምንተኛ ወሯ ፍርድ ቤት የምትመላለስ ሴት ግን ስንት ናት?

«በመንግሥት ጤና ጣቢያ ወሊድ በነፃ ነው፣ እዚያ ትውለድ» የሚል አይጠፋም። ነፃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፏል። ግን ይህን የሚለው የሰው ኃይል ኃላፊ ለራሱ ሚስት የግል ሆስፒታል ካርድ ይዞ ከሆነ ምክሩን ለራሱ ያቆየው። አልትራሳውንዱና ላቦራቶሪው «ውጭ አሠሪ» ሲባል፣ መድኃኒቱ «ከውጭ ግዢ» ሲባል፣ ድንገት ኦፕራሲዮን ሲታዘዝ ወጪው ከየት ይመጣል? የቅጥር ደብዳቤው የገባላት ቃልም «ሙሉ ሽፋን» ነበር።

አሠሪውን ብቻ መውቀስ ግን ነገሩን ማቅለል ነው። የ30 ቀን የቅድመ ወሊድና የ90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ደመወዝ ዛሬ የሚወጣው ከአሠሪው ኪስ ነው። አሥር ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይህ ቀላል አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኮንቬንሽን ቁጥር 183 የወሊድ ክፍያ በመርሕ ከማኅበራዊ መድን ወይም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲወጣ፣ በአንድ አሠሪ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያለው ለዚህ ነው። ወጪው በአንድ ሰው ላይ ከወደቀ ያ ሰው ሴት መቅጠር ይፈራል። ፍርሃቱንም በቃለ መጠይቅ ላይ «ባለትዳር ነሽ?» ብሎ ይገልጠዋል።

መፍትሔው ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 የወጣው ለደመወዝተኛው ነው፤ ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተዋጥቶ ሁሉም ከአንድ ቋት እንዲታከም። ደንቡ ወሊድንም በአገልግሎቱ ውስጥ አስገብቶታል። ካርዱ የአገር ስለሚሆን ሥራ መቀየር ሽፋን መቀየር አይሆንም ነበር። ይሁንና ከአሥር ዓመት በላይ ወረቀት ላይ ቆየ፤ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነ። ገበሬው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲታቀፍ የቢሮ ሠራተኛው እያየ ቀረ። ተቃውሞ እንደነበር አይካድም። 3 በመቶ ይቆረጥ ሲባል ሠራተኛው «ለየትኛው ሕክምና?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነበር። መልሱ ግን ሆስፒታሉን ማሻሻል እንጂ አዋጁን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አልነበረም።

አዋጁ ሙሉ በሙሉ እስኪተገበር ድረስም እጅ አጣጥፎ የሚያስቀምጥ ነገር የለም። አሜሪካ፣ ሁሉን አቀፍ የጤና መድን የሌላት አገር፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በአሠሪ በኩል የሚሰጥ የቡድን መድን እርግዝናን «ከቅጥር በፊት የነበረ ሕመም» ብሎ እንዳያስወጣ ከልክላለች። በ2010 የወጣው ሕግ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ ለቡድን መድን የሚጠብቀውን ጊዜ ከ90 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነው። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ አካባቢ ሥራ የሚቀይሩ ኢትዮጵያውያት እናቶች በዚህ ሕግ ይጠቀማሉ። መድን ሰጪዎቹም አልከሰሩም።

እዚህም የመድን ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ በአንድ መመሪያ ሁለት ነገር ማዘዝ ይችላል። አንደኛ፣ በቡድን ውል ውስጥ ለወሊድ የተለየ የጥበቃ ጊዜ እንዳይኖር። ሁለተኛ፣ ሠራተኛዋ በቀድሞ መሥሪያ ቤቷ የተሸፈነችባቸው ወራት በአዲሱ እንዲቆጠሩላት። የሠራተኛ ማኅበራትም መመሪያ መጠበቅ የለባቸውም፤ የኅብረት ስምምነት ሲታደስ ሽፋኑ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን እንዲጀምር መደራደር ይችላሉ። በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ወንዶች ብቻ ከሆኑ ግን ይህ አንቀጽ ከደመወዝ ጭማሪውና ከትራንስፖርት አበሉ በኋላ፣ ሰዓት ሲያልቅ፣ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ከሚባሉት ጋር ያድራል።