ማንቂያ፦ ሻደይ እስኪያልፍ አትጠብቁ

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሰቆጣ የገባችሁ፣ አምናና ታቻምና ተመርቃችሁም እስካሁን ቤት የዋላችሁ፣ ይህ የተጻፈው ለእናንተ ነው። ሐምሌ 1 የመንግሥት በጀት ዓመት ይጀምራል፤ ክፍት መደብና በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የሚያወጣበት በር ይከፈታል። ተመራቂው ግን ልክ በዚያ ሰሞን ሻንጣውን አስቀምጦ ለራሱ ቀጠሮ መስጠት ይጀምራል። መጀመሪያ ትንሽ ልረፍ ይላል። ከዚያ ክረምቱ ይከብዳል፣ ፍልሰታ ይገባል፣ ነሐሴ 16 ሻደይ ይደርሳል። «ሻደይ ይለፍና» ሲባል እንቁጣጣሽ፣ «እንቁጣጣሽ ይለፍና» ሲባል መስቀል። ሻደይን ተጫወቱ፣ ማንም አይከለክላችሁም። በዓል ግን የማመልከቻ ቀን አያራዝምም።

ማስታወቂያው የሚለውን ታውቃላችሁ፦ «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለተከታታይ 10 የሥራ ቀናት»። አንዳንዱ 5 ብቻ ይሰጣል። ቀኑ የሚቆጠረው ከወጣበት እንጂ እናንተ ካያችሁበት አይደለም። በኩር ጋዜጣ የሚዘጋጀው ባሕር ዳር ነው። ወሬው ዝቋላ ወይም ሰሃላ እስኪደርስ ከ10ሩ ስንት ይቀራል? መንገድ የተዘጋ፣ ኔትወርክ የጠፋ እንደሆነስ? የአዲስ አበባ ልጅ ማስታወቂያውን አይቶ ወረቀት መሰብሰብ ቢጀምር ይደርስበት ይሆናል። የዋግ ልጅ ወረቀቱ አስቀድሞ እጁ ላይ ከሌለ ከውድድሩ ውጭ ነው። ርቀቱ ፍትሐዊ አይደለም፣ ነገር ግን አለ፤ ዛሬ ነገ ማለት እዚህ ከሌላው ቦታ በላይ የሚያስከፍለውም ለዚህ ነው።

ወረቀት ስል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፤ ስለዚህ ያላለፋችሁ ለድጋሚው መመዝገብ የመጀመሪያ ሥራችሁ ነው። ከቴክኒክና ሙያ የወጣችሁ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) ይጠበቅባችኋል። ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ፣ የኮስት ሼሪንግ ማስረጃ፣ የፋይዳ መታወቂያም ያስፈልጋሉ፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ደግሞ ጠይቃችሁ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለቀጣሪው የሚልከው እንጂ በኪሳችሁ የምትይዙት አይደለም። ከሁሉ የባሰው የስም ነገር ነው። በ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትና በዲግሪው ላይ የአባት ስም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ከተለያየ፣ በተለይ «ኽ» ያለበት የአገራችን ስም፣ ማስተካከያው ከ10 የሥራ ቀናት ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ ማታ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ።

ከአበርገሌና ከጻግብጂ በሰሜኑ ጦርነት ተፈናቅላችሁ ማስረጃችሁ የጠፋባችሁ አላችሁ። እናንተን «አትዘግዩ» ብሎ መገሠጽ ነውር ነው። ምትክ የመጠየቁ ሂደት ግን ራሱ ረጅም ስለሆነ፣ እናንተ ከማንም በፊት ደብዳቤ ማስገባት አለባችሁ።

ቤት የዋለውን ሰነፍ የሚሉት አሉ፤ አልስማማም። አብዛኛው የሚፈራ ነው፤ አመልክቶ «አልተመረጥክም» ከመባል ሳያመለክት ተስፋ ይዞ መቀመጥ ይቀለዋል። ነገር ግን መቀመጥ ራሱ ሰውን ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ፋብሪካዋ የተዘጋባትን ማሪየንታል የተባለች የኦስትሪያ መንደር አጠኑ። ሥራ አጦቹ ጊዜ ሞልቷቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ በሰዓት ሲለኩ የወንዶቹ እርምጃ እንኳ ዘግይቶ አገኙት። ጊዜ ሲበዛ የሚሠራው እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ «ትንሽ ልረፍ» ያለ ሰው በሦስተኛው ወር አርፎ አይነሣም፣ ፈዝዞ ነው የሚነሣው።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ደጋግሞ ያሳየው ቀላል ነገር አለ፦ መቼና የት እንደሚያደርገው የወሰነ ሰው፣ አደርጋለሁ ብሎ ብቻ ካሰበው የበለጠ ይፈጽማል። «በዚህ ሳምንት አመለክታለሁ» አትበሉ። «ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ከዚያ ቀበሌ የሥራ ፈላጊ ምዝገባ» በሉ።

«ሰው ከሌለህ አትቀጠርም» የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ውሸት ነው አልልም። ሆኖም ያመለከተ ሰው በአድልዎ ቢወድቅ ቅሬታ ያስገባል፣ ውጤቱ እንዲታይለት ይጠይቃል። ያልተመዘገበ በምን አፉ ይናገራል? ደግሞም «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚለው ዕድል ለዘላለም አይቆይም፤ ለጀማሪ ሠልጣኞች የምረቃ ዓመት የሚገድቡ ባንኮች አሉ። አምና ለተመረቀ ሰው ዘንድሮ የተፈቀደለት ሥራ፣ ለከርሞ ላይፈቀድለት ይችላል።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁን በየማታው «ሥራ አገኘህ ወይ?» እያላችሁ አታሸማቅቁት፤ መልሱ በእጁ አይደለም። «ዛሬ የትኛውን ወረቀት አስገባህ?» በሉት። ለትራንስክሪፕትና ለትራንስፖርት የሚሆን ብርም ከሻደይ ልብስ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡለት።