የተከፈተውን ፋይል ማን ይመዘግበዋል?

ባለፈው ፈተና ከቀረቡልን ጥያቄዎች አንዱ «የፋይል ቁጥር ማለት ምን ማለት ነው?» የሚል ነበር። ሁላችንም «አንድ ፕሮግራም የከፈተውን ፋይል የሚጠራበት አነስተኛ ቁጥር ነው» ብለን ጻፍን፤ ሙሉ ማርክም አገኘንበት። ከአዳራሹ እንደወጣን ግን ከመካከላችን አንዱ «ቁጥሩስ የምን ቁጥር ነው? ፋይሉን እስከ የት እንዳነበብን የሚያስታውሰውስ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ እርስ በርሳችን ተያየን። አንድም መላሽ አልተገኘም። ሙሉ ማርክ ያገኘንበትን ነገር ለካ አናውቀውም ኖሯል!

ይህን ያመጣው የተማሪው ስንፍና ብቻ ነው ብለን አናምንም። አማማራችን ራሱ ትርጓሜ መሸምደድ ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በዚህች መጽሔት አማካይነት ለጓደኞቻችንም ለመምህራኖቻችንም የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም አንድ አሮጌ፣ ነገር ግን ሙሉ የሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መርጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር በመስመር እናንብብ የሚል ነው። የሚሻለውም እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ስድስተኛው የዩኒክስ እትም ይመስለናል። አሳባችን ባዶ ጩኸት እንዳይመስል ያንኑ የተሸነፍንበትን ጥያቄ በምሳሌነት እንውሰድ።

ይህ ሲስተም የተከፈቱ ፋይሎችን የሚከታተለው በሦስት ሠንጠረዦች ነው። አንደኛው እያንዳንዱ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ለብቻው የሚይዘው ሲሆን 15 ቦታ ብቻ አለው። ፕሮግራሙ ፋይል በከፈተ ቁጥር ከባዶዎቹ ዝቅተኛው ቦታ ይሰጠዋል። በፈተናው ላይ የጻፍነው «አነስተኛ ቁጥር» እንግዲህ የዚህ ቦታ ተራ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሁሉም ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉበት ባለ 100 መስመር ሠንጠረዥ ነው። በያንዳንዱ መስመር ላይ ፋይሉ ለማንበብ ወይም ለመጻፍ መከፈቱ፣ ስንት ተገልጋዮች መስመሩን እንደያዙት፣ ንባቡ ወይም ጽሕፈቱም የት እንደደረሰ ይመዘገባል። ሦስተኛውም ባለ 100 መስመር ሲሆን አይኖድ የሚባለውን የፋይሉን የራሱን መዝገብ ይይዛል፤ ይኸውም ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነና በዲስኩ ላይ የት የት እንደተቀመጠ የሚነግር ነው።

ነገሩን በቤተ መጻሕፍት ብንመስለው ይቀላል። አንደኛው ሠንጠረዥ በአንባቢው እጅ ያለ ባለ ቁጥር ካርድ ነው። ሁለተኛው አንባቢው የደረሰበት ገጽ የተጻፈበት የጋራ መዝገብ ነው። ሦስተኛው የመጽሐፉ የራሱ ካርድ ነው። ሁለት ፕሮግራሞች ያንኑ ፋይል ለየብቻቸው ቢከፍቱ በጋራው መዝገብ ሁለት መስመር ይያዝላቸዋል፤ የፋይሉ ካርድ ግን አንድ ብቻ ይሆናል።

«ይህ ሁሉ ማወሳሰብ ለምን? አንደኛውና ሦስተኛው አይበቁም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዩኒክስ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው የታሪክ ጽሑፍ እንደገለጠው፣ በመጀመሪያው ዩኒክስ የጋራው መዝገብ አልነበረም፤ ንባቡና ጽሕፈቱ የደረሰበት ቦታ የሚያዘው በየፕሮግራሙ ዘንድ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ሁለት ትእዛዞችን አከታትሎ ፈጽሞ ውጤታቸውን በአንድ ፋይል ላይ ማስጻፍ አስፈለገ። የመጀመሪያው ትእዛዝ የፋይሎችን ስም ዝርዝር ጽፎ ሄደ። ሁለተኛው በመኪናው ላይ እነማን እየሠሩ እንዳሉ ሊጽፍ መጣ። ሁለቱንም የላካቸው አዛዡ ፕሮግራም ግን በፋይሉ ላይ በራሱ እጅ ምንም ስላልጻፈ «የደረስኩበት ቦታ ዜሮ ነው» እንዳለ ነበር። ሁለተኛው ትእዛዝም ይህንኑ ዜሮ ወርሶ ከመጀመሪያው ጀመረና የቀደመውን ጽሑፍ ደመሰሰው። መድኃኒቱ የደረሱበትን ቦታ ከግለሰቡ አውጥቶ በጋራ መዝገብ ላይ ማዋል ሆነ። ከዚያ ወዲያ ልጅ ፕሮግራም ከወላጁ የሚወርሰው የመስመሩን አድራሻ ስለሆነ፣ አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል።

መስመሩን የያዙት ስንት እንደሆኑ መቁጠሩም እንዲሁ በከንቱ አልመጣም። ልጅ ሲወለድ ቁጥሩ ይጨምራል፤ አንዱ ሲዘጋ ይቀንሳል፤ መስመሩ ነፃ የሚለቀቀው የመጨረሻው ሲዘጋ ብቻ ነው። የፋይሉ ስም ተሰርዞ ሳለ እንኳ ከፍቶ የያዘው ፕሮግራም እስኪዘጋው ድረስ ይዘቱ በዲስኩ ላይ ይቆያል። መቶው መስመር ከሞላ ደግሞ ሲስተሙ ፋይል የለም የሚል አጭር መልእክት በመቆጣጠሪያው ላይ ጽፎ ጠያቂውን ይመልሰዋል። ይህን ሁሉ ያወቀ ተማሪ ትርጓሜውን መሸምደድ ምን ያደርግለታል?

አንዳንዶች «ይህ ያረጀ ነገር ነው፤ ዘመኑ አልፎበታል» ይሉናል። ሠንጠረዦቹ ጠባብ መሆናቸው እውነት ነው። ሆኖም ዛሬ በየቦታው የሚሠራው ሊኑክስ እነዚሁኑ ሦስት ደረጃዎች ይዞ ይገኛል። አዲሱ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ስላለው አንድ ተማሪ አንብቦ አይጨርሰውም፤ የአሮጌው እምብርት ግን ዐሥር ሺሕ መስመር አይሞላም። የተጻፈበት የጥንቱ የሲ ቋንቋ አንዳንድ ምልክቱ ከለመድነው ጋር የተገላቢጦሽ መሆኑን አንክድም። ይህ ግን ለጥቂት ቀናት ያስቸግር ይሆናል እንጂ ከመንገድ የሚያስቀር አይደለም።

ደግሞም የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላዮንስ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1976 ይህንኑ እትም ከነማብራሪያው ለተማሪዎቹ አዘጋጀ። ባለመብቱ ኩባንያ ግን ከ1979ኙ ከሰባተኛው እትም ጀምሮ ጽሑፉ ለማስተማሪያ እንዳይውል በውል ከለከለ። ተማሪው ምን አደረገ? የላዮንስን መጽሐፍ ቅጂ እንደገና እየቀዳ ከእጅ ወደ እጅ አዳረሰው። መጽሐፉ በይፋ ታትሞ የተሸጠው በ1996 ነው፤ በ2002 ደግሞ የአሮጌዎቹ እትሞች ጽሑፍ በነፃ ተፈቀደ። እነዚያ በር ተዘግቶባቸው በመስኮት አነበቡ፤ እኛ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልን ደጃፍ ላይ ቆመናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ትምህርት ክፍሉ ለዚህ ንባብ አንድ የትምህርት መንፈቅ ይመድብልን። ፈተናውም «ምን ማለት ነው?» ማለቱን ትቶ «ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ መስመር ቢጽፉ ፋይሉ ላይ ምን ይገኛል?» ይበለን። ይህ እስኪሆን ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በሳምንት ሁለት ሰዓት እንሰብሰብ፤ እያንዳንዳችን ጥቂት ገጽ ተካፍለን በሰሌዳ ላይ እናስረዳ፤ ያልገባንን አልገባንም ለማለት አንፈር።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። ለፈተና ብለን የታጠቅነው ዕውቀት ከፈተናው አዳራሽ በር ላይ ሲፈታ አይተነዋል። እንግዲህ ቆም ብለን እንታጠቅ!