የማድ ቤት ጢስ ወዴት ይሂድ?

በዚህ ሳምንት ከወይዛዝርት አንባብያን ጋር የምንመካከረው ስለ ማድ ቤት ጢስ ነው። ባሎችም ቢያነቡት ደስ ይለናል፤ ብዙውን ጊዜ ቱቦውን የሚገዙትና ሠራተኛውን የሚያነጋግሩት እነርሱ ናቸውና።

ከናይሮቢ ወደ አዲስ አበባ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ መካከል የተከፈለች ከተማ ናት። ጢስ ግን የይለፍ ወረቀት አይጠይቅም፤ በወዲያም በወዲህም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እንጨትና ከሰል ይነዳል፤ አቅም የፈቀደለትም የጋዝ ምድጃ ያቆማል። እንዲህ ያለው ባለ ጋዝ ቤተ ሰብ የኤሌክትሪክ ጢስ መሳቢያ ሲያሰቅል፣ ከመሣሪያው ማማር ይልቅ የቱቦው ጫፍ የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሠራተኛው «ቆርቆሮው ከተበሳ ዝናብ ይገባል» ብሎ ቱቦውን ከኮርኒስ በላይ አድርሶ ቢተወው፣ ጢሱ ከቤት አልወጣም፤ ተደበቀ እንጂ። ቅባት ያዘለው እንፋሎት በጣሪያው እንጨት ላይ እየረጋ ይከማቻል፤ አንድ ቀን እሳት ቢነሣ ያ ቅባት ማገዶ ነው። ቀዳዳውን በላሜራ አንገትጌ ከብቦ፣ ቱቦውን ከጣሪያ በላይ አሳልፎ፣ በጫፉ የዝናብ ቆብ ማድረግ ብልህ ቆርቆሮ ሠሪ የማያቅተው ሥራ ነው።

ቱቦው ከመሣሪያው አፍ አይጥበብ፤ ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። የፕላስቲክ ሳይሆን ልሙጥ የላሜራ ይሁን፤ መታጠፊያውም ይነስ፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የአየሩን ኃይል ይቀንሳልና። ቱቦ ከቱቦ ሲጋጠም የላይኛው ጫፍ በታችኛው ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ በውስጡ የቀዘቀዘው ቅባት በመጋጠሚያው እየሾለከ ግድግዳውን ያበላሻል። በርና መስኮት ተዘግቶ ማራገቢያው ቢሽከረከር ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው፤ አየር የሚገባበት ከሌለ የሚወጣበትም የለም።

እንጨት ለምታነድ እመቤት ግን ይህን መሣሪያ አንመክርም፤ ነበልባሉ ያቃጥለዋል። ለእንጀራ ምጣድ ከምጣዱ ሰፋ ያለ የላሜራ ጃንጥላና ከጣሪያው ጉልላት ከፍ ያለ ቀጥ ያለ ቱቦ ይበቃል፤ የሞቀ አየር በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ የቅንጦት ነገር እንዳይመስል፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። ሕፃኗን አዝላ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰውን ያዘለችውም ይተነፍሳል። ምግቡ ሲቀርብለት ብቻ ማድ ቤቱን የሚያስታውስ አባወራ አንድ ሰዓት ከምጣዱ አጠገብ ቢቀመጥ፣ ስለ ላሜራው ዋጋ ብዙ ባልተከራከረ ነበር!

በኪራይ ቤት የሚኖሩትን ችግር እናውቃለን። ባለቤቱ ጣሪያው እንዲበሳ ካልፈቀደ፣ ለኤሌክትሪኩ መሳቢያ የግድግዳ ቀዳዳም ይሆናል፤ አፉ ግን ወደ ጎረቤት መስኮት አይዙር። የቅባት ማጣሪያውንም በየወሩ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ መመለስ ነው።