«ትንሽ ነው የሚነዝረው»

«ማብሪያው ትንሽ ይነዝራል እንጂ ምንም አያደርግም» የሚሉ አያቶች አሉ። እጃቸው ደረቅ፣ እግራቸው ጫማ ውስጥ ስለሆነ እውነት ይመስላቸዋል። የልጅ ልጃቸው እጁን ታጥቦ በባዶ እግሩ ሲነካውስ?

ነገሩ ሦስት ቃላት ነው። ቮልቴጅ የሚገፋው ኃይል ነው፤ ከፍ ብሎ የተሰቀለ የሮቶ ውሃ ቧንቧውን እንደሚገፋው ያለ። ከረንት የሚፈሰው ነው። ሬዚስታንስ ደግሞ ፍሰቱን የሚያግደው። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ቮልቴጁ ለሬዚስታንሱ ሲካፈል ከረንቱ ይገኛል።

የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። የሚለዋወጠው የእኛ ገላ ነው። ደረቅ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም ሊያግድ ይችላል፤ ስናካፍለው 2 ሚሊአምፔር ገደማ፣ መንዘር ብቻ። የረጠበ ገላ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። ያኔ 220 ሚሊአምፔር ያልፋል፤ ይህ የልብን ምት አናግቶ ይገድላል። ማብሪያው ግን ያው ማብሪያ ነው!

ቢታ ገነትን በመሰለ፣ ዝናብ ብዙ ወር በማይለየው የካፋ አገር ደግሞ ግድግዳውም ወለሉም ይረጥባል። በእርጥብ መሬት ላይ የቆመ ባዶ እግር ለከረንቱ መውጫ ነው። ስለዚህ የሚነዝር ማብሪያ፣ ምጣድ ወይም ስፒና ካለ እስኪሠራ ድረስ ይጥፋ፤ ባለሙያም ዛሬውኑ አስጠሩ።

ልጅ ከተያዘ በእጃችሁ አትጎትቱት፤ እናንተም ትያዛላችሁ። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። እሱ ከራቀ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ፣ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ከሽቦው አላቁት።