ለቀብር የምንከፍለውን ለሕመምተኛ እንዳንከፍል ማን ከለከለን?

ለዕድራችን አባላትና ለሠፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ኮሚቴያችን ያቀረበው ሐሳብ ሳይወሰንበት መቅረቱን በቦታው የነበራችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። ይኸውም ዕድራችን አባሉ ሲሞት ብቻ ሳይሆን በሕይወት ሳለም ለከባድ ሕመም ምርመራና ሕክምና ገንዘብ ያበድረው የሚል ነው። ለምሳሌ ብለን የጠቀስነው የፕሮስቴት ካንሰርን ነበር። ያን ስም ስንጠራ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አንገቱን ደፋ። አንድ ትልቅ ሰውም ተነሥተው «ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ የወንድ ገመና በአደባባይ አይወራም» ብለው ተቀመጡ። ተጨበጨበላቸው። እኛ ግን አላጨበጨብንም፤ ያላጨበጨብንበትንም ምክንያት በዚህ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። አንብቦ የሚቆጣ ካለ ይምጣና በስብሰባው ላይ ይናገረን።

በመጀመሪያ ይህ ገመና የተባለው ነገር ምንድን ነው? ፕሮስቴት ማለት ከሽንት ፊኛ ሥር የምትገኝ፣ የሽንቱን መውጫ ቱቦ ዙሪያውን አቅፋ የያዘች ዕጢ ናት። ወንድ ሆኖ የተፈጠረ ሁሉ አለችው፤ ሀብታምም ድኻም፣ ቄስም ሼህም። ዕድሜ ሲገፋ ታብጣለች። ስታብጥ ቱቦውን ትጨምቃለች፤ ሰውየው ሌሊት አራቴ አምስቴ ይነሣል፣ ሽንቱ ቶሎ አይመጣለትም፣ ከመጣም ይቆራረጣል። ይህ እብጠት በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ካንሰሩ ሌላ ነው። የካንሰሩ ክፋት ደግሞ ሲጀምር ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ሽንት ከልክሎ፣ ደም ቀላቅሎ፣ ወገብና ዳሌን ማመም ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ከዕጢዋ ወጥቶ አጥንት ውስጥ ገብቷል።

ታዲያ «ሽማግሌ ሲሆን ሽንት ያስቸግራል፤ የእርጅና ነው» እየተባለ ስንቱ ቤቱ ተቀመጠ? ሌሊት ሽንት የሚያመላልሰው ሁሉ ካንሰር አለበት አላልንም። ግን እርጅና ይሁን ሌላ የሚለየው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። ቡና ላይ ተቀምጦ የሰውን ሕመም የሚፈርድ ሰው በሠፈራችን እንደ አሸን ፈልቷል።

የምርመራውን ነገር ሰፋ አድርገን እንጻፈው፤ ምክንያቱም ፍርሐቱም ወሬውም ያለው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ነው፤ ፒ.ኤስ.ኤ ይባላል። ዕጢዋ የምታመነጨው አንድ ነገር በደም ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይለካል። ብዙ ሐኪሞች ከ4 በላይ ሲሆን ይጠረጥራሉ። ነገር ግን ቁጥሩ በካንሰር ብቻ አይደለም ከፍ የሚለው። ተራው እብጠት ከፍ ያደርገዋል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል፣ ቱቦ የገባለት ሰው ከፍ ይልበታል፣ በቀረቡት ቀናት የሥጋ ግንኙነት ያደረገ ወይም ብስክሌት ሲነዳ የከረመ ሰውም እንዲሁ። ፊናስተራይድ የሚባለውን የእብጠት ክኒን ብዙ ወር የወሰደ ሰው ደግሞ ቁጥሩ በግማሽ ያህል ዝቅ ስለሚል ደህና ነኝ ብሎ ይታለላል። እንግዲህ ደም የሚሰጥ ሰው ይህን ሁሉ ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር። አንድ አባላችን ከአንድ የግል ቤተ ሙከራ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ የሚያስረዳው አላገኘም፤ ሞቴ ደረሰ ብሎ ለልጆቹ ኑዛዜ ተናገረ። ኋላ ሲታይ ኢንፌክሽን ነበር። ታክሞ፣ ሳምንታት ቆይቶ እንደገና ሲለካ ቁጥሩ ወረደ። ሰውየው ዛሬም ዕቁቡን ይጥላል።

ሁለተኛው በጣት የሚደረገው ነው። አዎ፣ ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ በመቀመጫ በኩል ዕጢዋን ይዳስሳል፤ ጠጥራለች ወይስ ለስላሳ ናት፣ ጎድጎድ ጎርበጥ የሚል አለባት ወይ ብሎ ያያል። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ስብሰባው ላይ ያሳቀው ይኼ ነው። «ከምታዘዝ ብሞት ይሻለኛል» ያለም አለ፤ ስሙን አንጽፍም። እናንተ ወንዶች፣ ሚስቶቻችሁ ለወሊድ ስንት ጊዜ ሐኪም ፊት ተጋለጡ? እናቶቻችን እኛን ለመውለድ ስንቱን አሳለፉ? እነሱ ክብራቸው አልጎደለም፤ የእናንተ ክብር በአንድ ደቂቃ እንዴት ይጎድላል?

ሁለቱ ምርመራዎች ካጠራጠሩ ናሙና ይወሰዳል። ኤም.አር.አይ የሚገኝ ከሆነ አስቀድሞ በእሱ ይታያል፤ ከዚያ በቀጭን መርፌ ከዕጢዋ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቦታ ላይ ቅንጣት ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ካንሰር ከተገኘ ግሊሰን የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል። 6 ከሆነ የሚያዘግም ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፤ ከ8 እስከ 10 ያለው ክፉ ነው። ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ ከሐኪም ክፍል የሚወጣ ሰው በሽታውን ሳያውቅ ወጣ ማለት ነው። አንድም ሰው ያለ ናሙና ውጤት ዕጢውን ለማስወጣት ገንዘብ ማፈላለግ አይጀምር።

ብዙዎቻችሁ «ካንሰር ከሆነ ሰውየው መሞቱ አይቀርም፤ ገንዘቡ ለምን ይባክናል?» ትላላችሁ። ይህ አነጋገር ሐሰት ስለሆነ እንቃወመዋለን። በእንግሊዝ አገር ካንሰሩ ከዕጢዋ ያልወጣባቸውን 1,643 ወንዶች በዕጣ በሦስት ከፍለው፣ አንዱን ወገን በቀዶ ጥገና፣ አንዱን በጨረር፣ አንዱን በቅርብ ክትትል ብቻ ያዙ። ከ15 ዓመት በኋላ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ታተመ። በሦስቱም ወገን በዚህ በሽታ የሞተው ከመቶ ሦስት ሰው ያህል ነው። ክትትል ላይ በቆዩት ዘንድ ካንሰሩ ወደ ሌላ አካል የተዛመተባቸው በእጥፍ ያህል በዝተዋል፤ ቢሆንም ሞቱ አልጨመረም። እንግዲህ በጊዜ የተገኘና የሚያዘግም ካንሰር ያለበት ሰው ነገ ተነሥቶ ቤቱን ሽጦ ባንኮክ ይሂድ ማለት አይደለም። በየጥቂት ወሩ ደሙን እየተለካ፣ ናሙናው እየተደገመ መቆየት ይችላል፤ ይህም ራሱ ሕክምና ነው። የሚታከምም ቢሆን ዋጋው ምን እንደሆነ ይጠይቅ። ቀዶ ጥገናው ሽንት የማያስቋጥር ሊያደርግና የወንድነት ኃይልን ሊያዳክም ይችላል፤ ጨረሩ ፊኛንና አንጀትን ሊያስቸግር ይችላል። ይህን ሳይነግር «ቶሎ ክፈል፣ ቶሎ ግባ» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ።

ከዕጢዋ የወጣውስ? እሱ አይነቀልም፤ ግን ለዓመታት ሊታገድ ይችላል። ካንሰሩ የሚመገበው የወንድ ዘር ፍሬ የሚያመነጨውን ሆርሞን ነው። ይህን ቻርለስ ሀጊንስ የሚባሉ ሐኪም በ1941 እ.ኤ.አ. አሳዩ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ምግቡን መከልከል በሁለት መንገድ ይሆናል፤ አንዱ በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ በሚወጋ መርፌ ነው፤ ሌላው ፍሬውን በትንሽ ቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። መርፌው ካልተቋረጠ ይሠራል፤ ከተቋረጠ ሆርሞኑ ይመለሳል። ቀዶ ጥገናው አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ለመርፌ መክፈል የለም። ሁለቱም ሙቀት ሙቀት ያሰኛሉ፣ ፍላጎትን ያጠፋሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። የትኛው ይሻላል የሚለውን ባልና ሚስት ከሐኪም ጋር ተነጋግረው ይወስኑ እንጂ የዕድሩ ደጃፍ አይወስንላቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳንጽፍ አናልፍም። ያንን ቀዶ ጥገና የመረጠ አንድ ጎረቤታችን ከሆስፒታል ሲመለስ «ሰለቡት» ብለው ያሙት ከዚሁ ሠፈር ናቸው። ሰውየው ልጆቹን ለማሳደግ ዕድሜ ገዛ፤ እኛ ስም አወጣንለት! እሱን ያየ ሌላው ሕመምተኛ ምን ያድርግ? ይደበቃል እንጂ። ዕቃ ቤት ተደብቆ የሚታመም ሰው ያፈራነው በምላሳችን ነው።

በዓለም የታወቁ ሰዎች እንኳ ይህን ሕመም ተናግረውታል። ኔልሰን ማንዴላ በ2001 እ.ኤ.አ. ታመው በጨረር ታከሙ፤ ከዚያ 12 ዓመት ኖረው በ95 ዓመታቸው ሞቱ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ በ1997 እ.ኤ.አ. ተነገራቸው፤ እስከ 90 ዓመታቸው ኖሩ። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ጥቁሩ ጄኔራል ሎይድ ኦስቲን ግን በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ለፕሬዚዳንታቸው እንኳ ሳይናገሩ ደበቁት፤ ሲታወቅ አገር ተንጫጫ። በዚያ አገር ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ እጥፍ ያህል ነው። ነገሩ የኛንም ደጃፍ ያንኳኳል ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ለአንድ ቀብር ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበርና ጎላ ብረት ድስት እናወጣለን፣ ለቤተሰቡ ጥሬ ገንዘብ እንቆጥራለን፣ ያልተገኘውን አባል እንቀጣለን። ደግ ነው፣ አይቅር። ግን በቅርቡ የቀበርናቸው አንድ አባላችን ባለቤታቸው ለኮሚቴው የነገሩንን ስሙ። ባለቤትየው ደማቸውን አስመረመሩ፣ ከፍ አለ። ናሙና ይወሰድ ተባሉ፤ የመንግሥቱ ወረፋ ረዘመ፣ የግሉ ዋጋ ከበደ። ከወንድማቸው ሊበደሩ ፈልገው ምን ብዬ ልንገረው ብለው አፈሩ። ዓመት ከስድስት ወር ቆዩ። አንድ ቀን እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ ካንሰሩ አከርካሪ ላይ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖት ነበር። (እግር ሲዝል፣ ሽንትና ሰገራ ሲያመልጥ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል፤ በማግሥቱ ላይመለስ ይችላል።) ሲሞቱ ዕድራችን ደንቡ የሚያዘውን አንድ ሳንቲም ሳያጎድል ከፈለ። ያ ገንዘብ ናሙናውን ከነላቦራቶሪው ያስወስድ ነበር፤ አስልተነዋል።

«የጤና መድን አለ፣ ዕድር ምን አገባው?» ያላችሁም አላችሁ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጣ መልካም ነገር ነው፤ ያላደሳችሁ አድሱ፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ማጻፍም አትርሱ፤ አልፋችሁ ከሄዳችሁ ሂሳቡ በራሳችሁ ነው። ግን «መድኃኒቱ አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሕመምተኛ ማን አለ? የጨረሩም ነገር እንዲሁ ነው፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን በመሰለ ከተማ ቢጨመርም ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ወረፋውን ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ታክሲውም፣ ምሳውም፣ የቀረበት የቀን ሥራም ወጪ ነው። የሦስት ወር መርፌውን የሚያሳልፍ ሰው ቀጠሮ ረስቶ ይመስላችኋል?

ዕድር ከቀብር ውጭ ሥራ የለውም ማለትም እውነት አይደለም። ኤች አይ ቪ ቤት ሲያፈርስ በነበረበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች የታመመ አባል አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን አስተምረዋል። ያኔም «የሚያሳፍር በሽታ ነው፣ አይወራ» የሚል አልጠፋም ነበር።

ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ እኛ አንነካም። መርፌውን ግን አያቋርጥ። ቅጠል ቀቅሎ «ካንሰር ነቃይ» እያለ በጀሪካን የሚሸጠውን ሰውዬ ግን ከሠፈራችን በር ላይ እናስነሣዋለን፤ ለወረዳውም አመልክተናል።

ኮሚቴው የሚያቀርበው እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ አሥር ብር መዋጮ አንድ ብር ለብቻው ይቀመጥ። በሐኪም የታዘዘ ምርመራ ወይም መድኃኒት ያለው አባል፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በሽታውም ማንኛውም ከባድ ሕመም ይሁን፣ ማዘዣውን ለሊቀመንበሩና ለገንዘብ ያዡ ብቻ ያሳይ። የሕመሙ ስም በመዝገብ አይጻፍም፣ በስብሰባ አይነበብም። ገንዘቡ ለሆስፒታሉ ይከፈላል፤ ደረሰኙ ይመለሳል፤ ብድሩ በአሥራ ሁለት ወር ይከፈላል። ሰውየው ቢሞት ከቀብሩ ገንዘብ ላይ አይቆረጥም። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ኮሚቴውንም አከራክሮ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

ከ50 ዓመት በላይ የሆናችሁ፣ አባታችሁ ወይም ወንድማችሁ በዚህ በሽታ የታመመባችሁ ደግሞ ከ45 ጀምሮ፣ ውሳኔውን ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሐኪም አማክሩ። ከ70 ያለፋችሁና ምንም የማይሰማችሁ አባቶች የደም ምርመራው ከጥቅሙ ጭንቀቱ ሊበዛ ስለሚችል ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን መሄድ ያፈረ ካለ ለጸሐፊው ይንገር፤ አብሮ የሚሄድ ሰው እንመድባለን።

ጠቅላላ ስብሰባው በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በዕድሩ ግቢ ይደረጋል። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ሳይሆን በወረቀት ነው። የዓመቱን መዋጮ ያላጠናቀቀ ድምፅ ስለማይሰጥ የዕድር ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።

ስለ ኮሚቴው
የዕድሩ ጸሐፊ