ራዳሩ ብረቱን አየ፣ ሰዉስ?

በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ ላይ ጉም ሲወርድ ወደ ኦክላንድ ወደብ የሚገቡ መርከቦች መንገዳቸውን የሚያዩት በራዳር ነው። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልክና ነጥሮ የሚመለሰውን ይቀበላል። የመርከብ ብረት፣ በተለይም ቀጥ ያለው ጎኑና ማዕዘኑ፣ ሞገዱን አጠንክሮ ይመልሳል። ጸጥ ያለ ባሕር ግን እንደ መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ያሳልፈዋል። ባሕሩ ሲናወጥ ማዕበሉም ሞገዱን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው፣ ዝቅ ያለች የጎማ ጀልባ በዚያ ትርምስ ውስጥ ትጠፋለች።

ነገሩ የሳይንስ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 መጨረሻ 72 ሰዎች የጫነች የጎማ ጀልባ ከትሪፖሊ ወደ ጣሊያን ተነሣች። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ጭንቅ ሲመጣ በሳተላይት ስልክ ሮም ወዳሉት ኤርትራዊ ካህን፣ ወደ አባ ሙሴ ዘርአይ ደወሉ። እሳቸውም ለጣሊያን የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች አሳወቁ። ጀልባዋ ያለችበት ቦታ ከስልኩ ታወቀ፤ በአካባቢው ላሉ መርከቦችም ጥሪ ተላለፈ። የደረሰላቸው ግን አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕሩ ወደ ሊቢያ ዳርቻ መልሶ ጣላቸው። 63ቱ በውሃ ጥም፣ በረሃብና በማዕበል አለቁ፤ የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

«አላየንም» ማለት ቀላል ነው። በለንደኑ የጎልድስሚዝስ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ያነሣቸውን የራዳር ምስሎች መረመሩ። ትንሿ ጀልባ አልታየችም፤ በአካባቢው የነበሩት ትልልቅ መርከቦች ግን እንደ ብሩህ ነጥብ ጎልተው ታዩ። ምስሉ የመርከቦቹን ስም አይናገርም። ባሕሩ ባዶ እንዳልነበረ ግን ይመሰክራል። በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ካውንስል የፓርላማ ጉባኤ የቀረበው ሪፖርትም ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን የብዙዎች መሆኑን ገልጿል።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ አንድ ቁም ነገር አለ። ጀልባዋ የት እንዳለች የተናገረው ራዳር ሳይሆን ስልክ ነበር። በኦክላንድም ሆነ በሳን ሆዜ እኩለ ሌሊት ከባሕር ላይ የተደወለ ስልክ ያነሣ ወገን፣ ከሁሉ በፊት የቦታውን ቁጥር፣ ሰዓቱንና የሰዉን ብዛት ይመዝግብ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተቋቋመው አላርም ፎን የተባለ የበጎ ፈቃደኞች የስልክ መስመር እንዲህ ያለውን ጥሪ ሌት ተቀን እየተቀበለ ለጠረፍ ጠባቂዎች ያስተላልፋል። ራዳር ያላየውን ሰው በወረቀት ላይ የሰፈረ ቁጥር ሊያስገኘው ይችላል።