አበበ ቢቂላ በተሽከርካሪ ወንበር



ሻምበል አበበ ቢቂላ ሲነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ሮም ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ደገመው። እኔ ግን ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝና ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታቱ ነው።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ኅብለ ሰረሰሩ ተጎዳ። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጆቹ አገገሙ፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርገውት ነበር። ቀስት መሳብ ክንድን፣ ትከሻንና ጀርባን ያጠነክራል። ክንዱ የጠነከረ ሰው ደግሞ ከአልጋ ወደ ወንበር ራሱን ለማሸጋገር አቅም ያገኛል። አበበም በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ውድድርም አንደኛ ወጣ። ያረፈው ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ነው።

እኛ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ታንኳ ቀዛፊ የሚኖረው በክንዱ ነው። ይሁንና እግሩ የማይሠራ ሰው ቤታችን ሲኖር ጓዳ እናስተኛዋለን፤ እጁ ደኅና ሆኖ ሳለ እናጎርሰዋለን። ከፍቅር ነው፤ ግን ያልሠራ ክንድ ይሰልላል፣ ልብም አብሮ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ሰው ካላችሁ በተኛበት በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት። ተረከዙን፣ ዳሌውንና መቀመጫውን በየቀኑ እዩለት፤ ቀልቶ የቆየ ቦታ ካገኛችሁ ቁስል ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሲቀመጥ በየሩብ ሰዓቱ በክንዶቹ ተደግፎ ከወንበሩ ከፍ ይበል። ሥራም ስጡት፤ ሽንኩርት ይክተፍ፣ መረብ ይጠግን፣ ልጆች ያስጠና። እንግዳ ሲመጣም አብሮ ቡና ይጠጣ።

ለልጆቻችሁ የሮሙን ድል ስትነግሩ የኖርዌዩንም ጨምሩላቸው።

ሰላም ሰንብቱ።